የተቆላ ገብስ የማይሸተው ማሽን

ጠረን እንደ እንግዳ በር አንኳኩቶ አይገባም። ባለፈው መኸር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልጄ ቤዛ የሕንፃችንን ጋሪ ተውሳ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር እየገፋች ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው አፓርታማችን ገባች፤ አቅፋም የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈችው። ታኮማ ፓርክ ውስጥ የአንድ ሟች አዛውንት ቤተሰቦች የቤቱን ዕቃ ግቢ አውጥተው ሲሸጡ ያገኘችው ነው። ነጣ ያለ ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ መዳፍ የምታክል ስክሪን የተገጠመችለት፣ ሲያነሡት ወገብ የሚፈትን ሣጥን። ሶኬቱን ስትሰካው ማራገቢያው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ አጉረመረመ፤ ለዓመታት የተኛበት አቧራም ቀስ እያለ ይሞቅ ጀመር። እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ሳህን እያደረቅኩ ቆሜ ነበር። ሳህኑ ከእጄ አልወደቀም፤ ዕቃ የምጥል ሴት አይደለሁም። ግድግዳውን ግን ተደገፍኩ።

«ማሚ፣ ይሄን ነገር ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አላውቀውም» አልኳት። ውሸት ነበር።

ቤዛ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በኢንተርኔት ላይ ሳይፈቱ የቀሩ የድሮ እንቆቅልሾችን እየመረመረች ቪዲዮ ትሠራለች። የቀን ሥራዋ ሌላ ነው፤ ይህኛው ፍቅሯ ነው። እሷ ገና በእግሯ መሄድ ስትጀምር «አደባባይ» የሚባል የሐበሾች የመወያያ ገጽ ነበር። እዚያ ላይ ራሱን «መጪው» ብሎ የሚጠራ ሰው ከወደፊት ዘመን መጥቻለሁ፣ አዲስ አበባ የቀረ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር እፈልጋለሁ እያለ ወራት ያህል ሕዝቡን ሲያነጋግር ከርሞ ድንገት ጠፋ። እነቤዛ የገጹን ቅጂ ከአንድ የመረጃ ማከማቻ አግኝተው ሁለት ወር ሙሉ ሲመረምሩት ኖረዋል። ይህንንም ሣጥን የገዛችው መጪው ይፈልገው የነበረው ዓይነት ማሽን ስለሆነ ነው።

«ሶልቭ አድርገነዋል፣ ማሚ! ነገ ማታ ናይን ላይ አፕሎድ ይሆናል። ስሙ፣ ፎቶው፣ አፓርታማው፣ ሁሉም አለን። አሌክሳንድሪያ ነው ያለው፣ ካን ዩ ቢሊቭ? እኛ እንኳን አይደለንም ያገኘነው። ድሮ ሚዛን የሚባል ሰውዬ ነው ያገኘው። ስሙን አልጻፈም እንጂ ሁሉንም ነገር ጽፎታል። ጂኒየስ ነው እኮ!»

ሚዛን እኔ ነበርኩ።

ስለዚያ ዘመን ሳስብ በቅድሚያ የሚመጡልኝ ሰዎች አይደሉም፤ ዋጋዎች ናቸው። አውቶቡስ አንድ ዶላር ከአሥር ሳንቲም ነበር። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ጀርባውን በሳንቲም ሲፍቁት ስልሳ ደቂቃ ይምላል፤ ሃያ ሳይሞላው እናትሽ ገና የጎረቤቱን ደኅንነት ሳትጨርስ ይቆርጥብሻል። አዳምስ ሞርጋን ካሉት የካሴት ሱቆች አዲስ የወጣ ዘፈን በአምስት ዶላር ይገዛና ለሦስት ቤተሰብ ይቀዳል። ወንዶቹ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር የቆዳ ካፖርትና ሰፊ ሱሪ ይለብሳሉ፤ እኛ ሴቶቹ ከወገብ በላይ ወታደር የሚያስመስል የትከሻ ስፖንጅ ያለበት ኮት እንደርባለን። የእኔው ግራጫ ሱፍ ነበር፤ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ካለ የልባሽ ልብስ መደብር በአሥራ ሁለት ዶላር የገዛሁት፣ ኪሱ ውስጥ የማላውቃት ሴት የባቡር ቲኬት የተገኘበት። ዛሬ መስታወት በመስታወት የሆነው የሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ያን ጊዜ መስኮታቸው በጣውላ የተመታ ሱቆች የተደረደሩበት ሠፈር ነበር። ፌንተን ጎዳና ጥግ ላይ፣ ሁሉ ነገር በአንድ ዶላር የሚሸጥበት ሱቅ ፊት ለፊት፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ ሁልጊዜ ያው ነፋስ ያው ማዕዘን ላይ ያገኘን ነበር። አሁንም እዚያ ሳልፍ ሳላውቀው ኮሌታዬን አነሣለሁ።

ባለቤቴ ሰለሞን ታክሲ ነድቶ ነበር የሚያኖረን። እኔ ጠዋት ከመንጋቱ ጋር ወጥቼ የሕሙማን ፋይል ወደማስተካክልበት ቢሮ እሄዳለሁ፤ እሱ ጠዋቱን ከሕፃኗ ቤዛ ጋር ይውላል፤ ቀትር ላይ ጎረቤታችን ሴትዮ ትቀበለውና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሰልፍ ይሄዳል። የምንገናኘው በማስታወሻ ወረቀት ነበር ማለት ይቻላል። «ምግቡ ምድጃው ላይ ነው»፣ «ልጅቷ ትንሽ አስሏታል»። እኔ በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ። እሱ ሳቂታ ነበር፤ ነገር ግን ብቻውን የሚስቅ ሰው ሳቁ እያደር ይደርቃል። ሳሎኑ ጥግ ላይ አንዲት ወንበርና፣ ወደ ኢንተርኔት ስትገባ እንደተረገጠ ድመት የምትጮህ አንዲት ኮምፒውተር ነበሩን። ሁልጊዜ አመሻሹ ላይ ስቀመጥባት ወንበሯ ከፍ ብላ አገኛታለሁ፤ ለቁመቴ ዝቅ አደርጋታለሁ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ሁሉን ነገር የምጽፍ ሴት፣ ይህን አንድም ቀን አልጻፍኩትም።

«አደባባይ» ላይ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍን ነበር የምንጨቃጨቀው። መጪው አንድ ቀን ከየትም ብቅ ብሎ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ካለ ዘመን መጣሁ አለ። በእርሱ ዘመን የሰው ስም ሁሉ የተመዘገበበት መዝገብ ተቆልፏል፤ መክፈቻው አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በቀረ ያረጀ ማሽን ቴፕ ላይ ነው፤ እርሱም ያን ፈልግ ተብሎ ተልኳል። ሕዝቡ ተንጫጫ።

«ወንድም መጪው፣ እስቲ የዘንድሮን የዲቪ ዕጣ ቁጥር ጣል አድርግልን!»

«በእናንተ ዘመን እንጀራ ስንት ገባ?»

«ምን ይደንቃል? እኛም ቦሌ ተሳፍረን ሰባት ዓመት ዘለን ነው እዚህ የወረድነው!»

እኔ አልሳቅኩም፤ ያን ማሽን አውቀው ነበርና። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምሬ ስወጣ የተመደብኩት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቁጥር ክፍል ውስጥ ነበር፤ ማሽኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ሲሞቅ በጎኑ ባለው የአየር መውጫ ላይ የቆሎ ከረጢቴን አስቀምጥ ነበር፤ እስከ ምሳ ሰዓት እንደ አዲስ እንደተቆላ ሆኖ ይቆየኛል። የጥገና ባለሙያችን ጋሽ በላቸው ሰማያዊ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሦስት ካቻቪቴ ሰክተው በመጡ ቁጥር ከረጢቱን አንሥተው እጄ ላይ ያኖሩታል። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ማሽን እንጂ ምጣድ አይደለም!» የመጻፊያ ቁልፎቹን ፈታተው ያጸዱ የነበሩትም እርሳቸው ናቸው። ከቁልፎቹ መካከል ሁለቱን በአንድነት ተጭነው ሲያቆዩአቸው ስክሪኑ ላይ ማንም ያልጠየቀው ዝርዝር ይወጣ ነበር። በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። የምናውቀው አራት ሰዎች ነበርን፦ አሁን በሕይወት የሌሉት ኃላፊያችን፣ እዚያው የቀረ አንድ ባልደረባ፣ ጋሽ በላቸውና እኔ።

መጪው ደግሞ ስለ ሁለቱ ቁልፎች ጻፈ።

ያን ጊዜ ነው ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ገዝቼ የእርሱን መልእክት ሁሉ መገልበጥ የጀመርኩት። ሚዛን በሚል ስም ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፤ ይመልስልኛል። ለሌሎቹ ቀልዶ ሲያልፍ ለእኔ ረጅም መልስ ይጽፋል። ማሽኑ ሲሞቅ የተቆላ ገብስ ይሸታል አለ። የዘመን በሩ የሚከፈትልኝ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት እቀመጣለሁ አለ። ገጹ የመልእክቱን ቀን እንጂ ሰዓቱን አያሳይም ነበር። አንዳንዱ መልእክቱ ትርጉም በሌላቸው የፊደል ድርድሮች ይቋረጥ ነበር፤ ከዘመኑ የመጣ ምስጢራዊ ጽሑፍ ነው እየተባለ ስንት ሊቅ ተጠበበበት። እኔም ሦስት ገጽ ሞላሁበት። ሥራ ላይ ሆኜ አመሻሹን እናፍቅ ጀመር። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ዓመት ከማንም ሰው ጋር ከመጪው ጋር ያወራሁትን ያህል አላወራሁም።

የሚያውቁት አራት ናቸው፤ እዚህ አገር ያለነው ሁለት ነን፤ አንዷ እኔ ነኝ። ስለዚህ ጋሽ በላቸው ናቸው። አሌክሳንድሪያ እንደገቡና የአንድ ሆቴል መኪና ማቆሚያ ውስጥ እንደሚሠሩ ሰምቼ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ በቀዩ መስመር ወርጄ ባቡር ቀይሬ ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ግራጫ ኮቴን ደርቤ፣ ከጋዜጣ ሣጥን ጀርባ ቆሜ ጠበቅኋቸው። በሁለት ሰዓት ተኩል ተተኪው መጣ። ካርዳቸውን መቱ፣ ሻይ የያዙበትን ፔርሙስ አነሡ፣ ሁለት መንገድ በእግራቸው ሄደው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ልክ በሦስት ሰዓት ከአንዱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው በአንድ ጣት መጻፍ ጀመሩ። አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ ጀርባቸውን አየሁ። ሰላም አላልኳቸውም። ጀርባቸው ከማውቀው በላይ ጎብጦ ነበር፤ ያንንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

በማግስቱ አደባባይ ላይ ያወጣሁት ጽሑፍ ሁለት ገጽ ነበር፤ በኩራት ነው የጻፍኩት። መጪው ከወደፊት አልመጣም፤ ከዚህ ዓይነት መሥሪያ ቤት የመጣ የጥገና ባለሙያ ነው፤ አሌክሳንድሪያ በእንዲህ ያለ ቦታ መኪና ያስቆማል፤ በዚህ ሰዓት እዚህ ይቀመጣል። ስም አልጠቀስኩም። ለሁለት ቀን ያህል ስም አለመጥቀሴ የጨዋነት ማረጋገጫ መስሎኝ ነበር። ስለ ጸጥታ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዘመድ አዝማድ አውቃለሁ የምል ሴት፣ በዚህ ከተማ አንድ ሐበሻ ሥራውንና መሥሪያ ቤቱን ከነገሩት ስሙን ለመጨመር አንድ የስልክ ጥሪ እንደሚበቃው አላሰብኩም።

መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ጎረምሶች ማቆሚያው ድረስ እየሄዱ «ጋሼ፣ የነገን አየር ንገሩን» ይሏቸው ጀመር። ከዚያ አንዱ፣ ሰውየው የመንግሥት ማሽን ሰርቆ ነው የወጣው ብሎ ጻፈ። ሌላው፣ የተላከው በማን እንደሆነ እናውቃለን አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል በቀልድ አይባልም ነበር። የመኖሪያ ወረቀታቸው ገና አላለቀም፤ ሚስታቸውንና ልጃቸውን ለማምጣት ማመልከቻ ላይ ነበሩ። ቤተ መጻሕፍት እየገቡ በአንድ ጣት ሲጽፉ የነበረው ያንን እንደሆነ የሰማሁት ከጠፉ በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የማቆሚያው ጎጆ ውስጥ ሌላ ሰው ተቀመጠ። አፓርታማቸውን ያየ ሰው ፍራሹ ብቻ ቀርቷል አለ። መጪውም በዚያው ሳምንት ድምፁን አጠፋ። ለእኔ ይህ የመጨረሻው ማረጋገጫ ነበር፤ ለፍርሃቴም መጀመሪያው። ስልክ ሲጮህ፣ ሰውየው ራሱን አጠፋ ሊሉኝ ነው እላለሁ። ለልቅሶም ለሠርግም አሌክሳንድሪያ የሄድኩበት ቀን የለም፤ ሁልጊዜ ያመኛል። ከዓመታት በኋላ ባቡር ጣቢያ ውስጥ አንድ ሽበታም ሰው ከሩቅ አይቼ፣ እርሳቸው መሆናቸውን ሳላጣራ ከምሰሶ ጀርባ ተሸሸግኩ። ለሰለሞን አልነገርኩትም። እሱም ምንም አላለኝም።

ሰለሞን ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ፣ መስኮቱን እያየ፣ «ያ ሰውዬ የት ደረሰ ይሆን?» አለኝ። «የቱ ሰውዬ?» አልኩት፤ መልሱን ሳልጠብቅም ትራሱን አስተካከልኩለት። ዳግመኛ አላነሣውም። የጠየቀኝ የእኔን ምስጢር ስለደረሰበት መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ረፋድ ልመለስ። ማሽኑ ከሞቀ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል፤ ቤዛ ስልኳን ደግና እየቀረጸች የመጪውን መልእክቶች ከኮምፒውተሯ ላይ ጮክ ብላ ታነባለች። አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለተጻፈ ከእኔ ይልቅ ለእሷ ይቀላታል።

«‹ሲሞቅ የተቆላ ገብስ ይሸታል›» አለችና አፍንጫዋን ወደ አየር መውጫው አስጠጋች። «ማሚ፣ ነይ አሽትቺ እስቲ። ይሄ ገብስ ነው? አቧራ ነው የሚሸተው። የተቃጠለ ፕላስቲክና አቧራ። ቴክኒሻን ከሆነ ይሄን እንዴት ይሳሳታል?»

ሄጄ አሸተትኩ። አቧራና ፕላስቲክ።

እንዴት ብዬ ልግለጸው? ፎቅ ሲወጡ ያለ የመሰለ ደረጃ ሲጠፋ እግር ባዶውን የሚረግጥበት ቅጽበት አለ። ገብሱ የማሽኑ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ያንን ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ ከረጢቱን አንሥተው እጄ ላይ የሚያኖሩት ጋሽ በላቸው ናቸው። እርሳቸው ማሽኑ ገብስ ይሸታል ብለው በምንም ዓይነት አይጽፉም። እንዲህ ሊል የሚችለው ታሪኩን በወሬ የሰማ፣ ከረጢቱ ግን ያልተነገረው ሰው ነው። እኔም በዚህ ዓለም ላይ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ገና ስንተዋወቅ፣ አዳምስ ሞርጋን አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጠን፣ ስለዚያ ማሽን፣ ስለ ሁለቱ ቁልፎች፣ ሲሞቅ ስለሚሸተው ገብስ አውርቼለት ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በመንግሥት ማሽን ቆሎ ታሞቃለች ብሎ እንዳይስቅብኝ ከረጢቱን ዘልዬው።

ቀጥሎ ሦስት ሰዓት መጣብኝ። በዚህ ከተማ ሁለት ሰዓት እንቆጥራለን። ሥራ ቦታ ካርድ የምንመታው በፈረንጅ ነው፤ እርስ በርስ ስናወራ ሦስት ሰዓት ማለት ረፋድ ነው። ቀጠሮ የያዘ ሐበሻ ሁሉ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እኔ ሚዛኗ ሳልጠይቅ ከቀትር በኋላ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ፤ ምክንያቱም ጋሽ በላቸውን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያየኋቸው በፈረንጅ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። በሀበሻ ከሆነ ግን በዚያ ሰዓት እርሳቸው ጎጇቸው ውስጥ ቲኬት እየቆረጡ ናቸው። በዚያ ሰዓት ቤት ያለው፣ ወንበሯን ለቁመቱ ከፍ የሚያደርገው...

«ቤዛ፣ ያን ማሽን አጥፊውና ቁጭ በይ።»

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ እኮ ነጭ ሆነ። አሞሽ ነው?»

«ሚዛን እኔ ነኝ።»

ሳቀች። «ማሚ፣ ስቶፕ።»

ከመኝታ ክፍሌ ቁም ሣጥን ሥር የጫማ ካርቶኑን አውጥቼ ደብተሩን ፊቷ አኖርኩት። ገለጠች። ሳቋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

«የአንቺ ሃንድ ራይቲንግ ነው» አለች በቀስታ። ያን ድምፅ የማውቀው ከልጅነቷ ነው፤ መርፌ ልትወጋ ስትል የምታወጣው።

«ሰውየው አይደሉም። ያኔም አልነበሩም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ያ ቪዲዮ መውጣት የለበትም።»

«እሺ፣ እና ማነው ታዲያ?»

«ሦስት ሰዓት ያለው በሀበሻ ነው። ናይን ኤኤም። ናይን ኤኤም ላይ እኔ ሥራ ነኝ። ቤት ማን ነበር?»

ደብተሩን ዘጋችው። ከዚያ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷን ጥላ፣ «ዳዲ?» አለች።

«አንቺን ጭኑ ላይ አስቀምጦ።»

ፊደሎቹ የተደረደሩበትን ገጽ ገልጬ በጣቴ አመለከትኳት። ጓደኞቿ ሁለት ወር ሙሉ ሶፍትዌር እያስሮጡ ሊፈቱት የደከሙበት ምስጢራዊ ጽሑፍ ነው። አንድ ዓይነት ፊደል አሥር ጊዜ፣ ሌላው ስምንት ጊዜ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ድብልቅልቅ። ቤዛ ቀና አለች። መዳፏን ዘርግታ ጠፍቶ የቀዘቀዘው ማሽን ቁልፎች ላይ ጣል አደረገችው፤ ሕፃን እንደሚያደርገው። ከዚያ አለቀሰች።

«ለምን ግን? ዋይ ዉድ ሂ?»

«አላውቅም» አልኳት፤ ይህኛው ግን ሙሉ ውሸት አልነበረም። ለሌሎቹ ቀልዶ ለሚዛን ረጅም መልስ ይጽፍ የነበረው፣ ሚዛን ማን እንደሆነች ስላወቀ ይመስለኛል። በቤታችን ውስጥ የማላወራውን ሴት እዚያ አግኝቷት ነበር።

«እሱስ፣ ጋሽ በላቸው ሲከሰሱ ዝም አለ? ሰውየው ሲጠፉ?»

«ዝም አለ።»

«አንቺስ?»

ልጄ ያን ዕለት እኔን ያየችበትን ዓይን እስክሞት የምረሳው አይመስለኝም። ከቁጣ ይልቅ ጥንቃቄ ነበረበት፤ አንድን ዕቃ ሊወድቅ ይችላል ብለን ስንይዘው እንደምናየው።

አንደኛዋ ጓደኛዋ ቪዲዮው እንዲቀር ወዲያው ተስማማች። ሁለተኛው ሌላ ስቴት ነው ያለው፤ ቪዲዮው በሰዓቱ ራሱ እንዲወጣ ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ስልኩን አያነሣም። ለካምፕ ወጥቷል አሉ፣ ኔትወርክ የለም። ቤዛ ደጋግማ ደወለች፣ ጻፈች፣ ለመነች። ያን ሌሊት አልተኛንም፤ ግን ይህን ለመተረክ አልፈልግም። እሑድ ረፋድ ላይ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድን። ልጁ በስተመጨረሻ ከቀትር በኋላ ደውሎ ፋይሉን አጥፍቼዋለሁ ብሏል፤ አጥፍቶት ይሆናል። እኛ ግን ድልድዩን ስንሻገር ይህን አናውቅም ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ያልተሻገርኩት ወንዝ ነው። ቤዛ እየነዳች፣ እኔ ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የኮቴን ቁልፍ ሳላውቀው እፈታለሁ፣ እቆልፋለሁ።

ሕንፃው ያው የድሮው ነው። ጋሽ በላቸው ዓመታት ሌላ ቦታ ቆይተው ወደለቀቁበት ሕንፃ መመለሳቸውን ያገኙት እነቤዛ ናቸው። ኮሪደሩ የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ጋሽ በላቸው፣ ሂሩት ነኝ። የቁጥር ክፍሏ ሂሩት።»

በሩ ሰንሰለቱ እስከፈቀደለት ድረስ፣ ጣት ያህል ተከፈተ። አንድ ዓይንና ነጭ ቅንድብ አየሁ።

«ቆሎዋ ሂሩት?»

«አዎ፣ ቆሎዋ።»

ፈገግታ ሊመጣ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ቤዛ፣ ከቤዛ ወደ ደብተሩ ዞረና ፈገግታው መንገድ ላይ ቀረ።

«እዚህ ቤት ሰው አይመጣም። አድራሻዬን ማን ሰጠሽ?»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያገኘሁት» አለች ቤዛ። «ይቅርታ። ሪሊ፣ በጣም ይቅርታ።»

«ጋሽ በላቸው» አልኩ፣ «ያን ጊዜ አደባባይ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎ እንዳልነበሩ ትናንት ነው ያወቅኩት። ዛሬ ደግሞ ስምዎ በቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ሊወጣ ይችላል። ሳይሰሙ እንዳይደርስብዎ ብዬ ነው የመጣሁት።»

በሩ ተዘጋ።

ሰንሰለት ለማንሣት በር መጀመሪያ መዘጋት እንዳለበት አውቃለሁ። ቢሆንም በዚያ ኮሪደር ላይ ስጠብቅ የቆየሁት ጊዜ ሃያውን ዓመት ያህላል። ብረቱ ሲንሸራተት ሰማሁ። በሩ በሙሉ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እርሳቸውን አልነበረም፤ ከበሩ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ የቆመች፣ በገመድ የታሰረች ሻንጣ ነበረች። ሻንጣዋ አሮጌ ናት፤ ገመዱ ግን አዲስ ነው። እንደማያት አዩኝ።

«ግቡ። እሷን አትዩዋት፣ ሁልጊዜ እዚያው ናት» አሉ። ከዚያ፣ እኔን ሳይሆን ወለሉን እያዩ፣ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ።»

ቀና አሉ። «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?»

አንድ ጊዜ ብቻ፣ በጊዜው ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ያልኩት ጥያቄ ነው። «በሀበሻ» አልኳቸው፣ «ማታ።»

የእጅ ሰዓታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩ፤ በጣታቸው ቆጠሩ።

«እንግዲያ ጊዜ አለን። ተቀመጡ» አሉ። እርሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ እጃቸውን የሻንጣዋ እጀታ ላይ አኖሩ።